ጥጃው ዝም ብሎ አልወጣም፦ አገልግሎት የሚመራ ሰው ጥፋቱን እንዴት ይወስዳል?

ገንዘቡ የነበረው እኔ ስልክ ላይ ነው። ይህን መጀመሪያ ልናገርና ወደ መመሪያው እንግባ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የወጣቶች ኅብረት አስተባባሪ ነበርኩ። ለሁለት ቀን ፕሮግራም አዳራሽ ያዝን። ቀብዱ እስከ ዓርብ አሥር ሰዓት መከፈል ነበረበት። ልጆቹ ያዋጡት ብር በቴሌብር እኔ ጋ ተሰብስቧል። ሐሙስ «ነገ እከፍላለሁ» አልኩ። ዓርብ በሌላ ጉዳይ ስባክን ዋልኩና ረሳሁት። ቅዳሜ ጠዋት ስንደውል አዳራሹ ለሠርግ ተሰጥቷል።

ማክሰኞ ማታ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰባት ነን። «ምን ሆኖ ነው?» ተባለ። ጉሮሮዬን ጠረግኩና «ጸሐፊያችን እንድታስታውሰኝ ተነጋግረን ነበር» አልኩ። ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም። አንድ ቀን በር ላይ እንደ ዋዛ «አስታውሺኝ እሺ» ብያታለሁ። ልጅቷ ምንም አልተናገረችም። የእስክሪብቶዋን ክዳን ታወልቃለች፣ ትከድናለች፣ ደግሞ ታወልቃለች። በመጨረሻ ጋሼ የምንላቸው አንድ ሽማግሌ መነጽራቸውን አወለቁና «ገንዘቡ ማን ስልክ ላይ ነበር?» ብለው ጠየቁ። ሌላ ምንም አላሉም።

«የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» የሚባለውን በዚያች ማታ ነው የገባኝ። ላካኪው እኔ ነበርኩ።

ከዚህ በታች ያለው ከዚያ ወዲህ በራሴ ላይ የሞከርኩት መንገድ ነው። የመዘምራን ኃላፊ ሁኑ፣ የሰበካ ጉባኤ አባል፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አመራር፣ የቤት ኅብረት መሪ ወይም መጋቢ፣ ይሠራል። ቤተ እምነት አይለይም።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ የወይፈንና የፍየል ጉዳይ

ዘሌዋውያን 4ን ብዙ ሰው ዘሎት ያልፋል። ደምና ስብ ይበዛበታል። ግን አንድ ጊዜ ዋጋውን እያያችሁ አንብቡት። ሳያውቅ የበደለው የተቀባው ካህን ከሆነ ወይፈን ያቀርባል። የሕዝብ አለቃ ከሆነ ወንድ ፍየል። ተራ ሰው ከሆነ ሴት ፍየል ወይም ሴት በግ። የወይፈንና የበግ ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ በፋሲካ ዋዜማ ገበያ የወጣ ሰው ያውቃል።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ወንበሩ ከፍ ሲል ሒሳቡም ይከብዳል። ሁለተኛ፣ ምዕራፉ የሚያወራው ሳይታወቅ ስለተሠራ በደል ነው። ስለዚህ «አላወቅኩም ነበር» የሚለው ቃል መሪን ከጥያቄው አያስወጣውም።

እርምጃ 1፦ ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እጃችሁን ከስልኩ ላይ አንሡ

ነገር ሲበላሽ የመጀመሪያው ፍላጎት ማስረዳት ነው። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ረጅም መልእክት መጻፍ። ተዉት። አዳም ተጠይቆ ወዲያው የመለሰውን አስታውሱ፤ «ከእኔ ጋር እንድትሆን የሰጠኸኝ ሴት» ነው ያለው። በአንድ ትንፋሽ ሚስቱንም ፈጣሪንም ከሰሰ። የችኮላ መልስ እንዲህ ነው።

ይህ ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። የተጉላላ ሰው ካለ ደውሉለት። መመለስ ያለበት ገንዘብ ካለ መልሱ። ማስተካከሉ ይቅደም፣ ማስረዳቱ ይደር። አንድ ሌሊት ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ዝምታው ራሱ ሌላ ጥፋት ይሆናል፤ ሰዉም የራሱን ታሪክ መሥራት ይጀምራል።

እርምጃ 2፦ ቅጥሩን በሌሊት ዙሩ

ነህምያ ኢየሩሳሌም እንደደረሰ ስብሰባ አልጠራም። ሦስት ቀን ቆየ። ከዚያ በሌሊት ተነሥቶ፣ ጥቂት ሰዎች ብቻ ይዞ፣ የፈረሰውን ቅጥርና በእሳት የተቃጠለውን በር ዞሮ አየ። ለሹማምንቱ የተናገረው ከዚያ በኋላ ነው።

እናንተም አንድ ወረቀት ያዙ። ስልክ ሳይሆን ወረቀት። ሦስት ጥያቄ ጻፉ፦

ምን አደረግኩ?
ማድረግ ሲገባኝ ምን ተውኩ?
ምን እያወቅኩ ዝም አልኩ?

ሦስተኛው ነው የሚከብደው። እኔ ስጽፍ የመጀመሪያው ላይ «ክፍያውን ወደ ዓርብ አሳደርኩ» አልኩ። ሁለተኛው ላይ «ዓርብ ከሰዓት ወደ አዳራሹ አልደወልኩም»። ሦስተኛው ላይ ረጅም ጊዜ እስክሪብቶ ይዤ ቆየሁ። ከዚያ «የኅብረቱ ብር በግል ስልኬ መቀመጡ ልክ እንዳልሆነ አውቅ ነበር፤ ስለሚመቸኝ ዝም አልኩ» ብዬ ጻፍኩ። ከአዳራሹ የበለጠው ጥፋት ይኼኛው ነበር፤ ወረቀት ባልይዝ አላየውም።

አንድ ሕግ አለ። በዚህ ወረቀት ላይ የሌላ ሰው ስም አይጻፍም። የሌሎች ድርሻ ይኖራል፣ ብዙ ጊዜም አለ። እሱን በሌላ ወረቀት ጻፉና መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት። ቀኑ ይደርሳል።

ከዚያ ወረቀቱን የማይፈራችሁ አንድ ሰው ያንብበው። የንስሐ አባት ያለው ለንስሐ አባቱ፣ ሌላውም እውነቱን ፊት ለፊት ለሚነግረው ወዳጁ። እኔ ለባለቤቴ ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ «የልጅቷ ነገርስ?» አለችኝ። ወረቀቱ ላይ አልነበረም። በስብሰባ ፊት በሰው ላይ ማላከኬን እንደ ጥፋት አልቆጠርኩትም ነበር።

እርምጃ 3፦ ግሱን መርምሩ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

አማርኛችን ለማምለጥ ይመቻል። «ሰበርኩት» ስንል ሰባሪው አብሮ ይነገራል። «ተሰበረ» ስንል ብርጭቆው በራሱ ጊዜ ወስኖ የወደቀ ይመስላል። እኛ አናረፍድም፤ ይረፍድብናል። አንረሳም፤ ነገሩ ያመልጠናል። ታክሲው እንኳን ጥሎን ይሄዳል እንጂ እኛ አንዘገይም። በተራ ወግ ምንም አይደለም። ጥፋት በሚነገርበት ቀን ግን ቋንቋው መደበቂያ ይሆናል።

የዚህ አባት አሮን ነው። ዘጸአት 32 መጀመሪያ ላይ የሆነው በግልጽ ተጽፏል፤ ወርቁን ከሕዝቡ ተቀበለ፣ በመቅረጫ ቀረጸው፣ ጥጃ አድርጎ ሠራው። ሙሴ ወርዶ ሲጠይቀው ደግሞ መጀመሪያ «ሕዝቡ ክፉ መሆኑን አንተ ታውቃለህ» አለ። ቀጥሎ ወርቁን እሳት ውስጥ እንደጣለውና ጥጃው እንደወጣ ተናገረ። ወጣ! እንደ ጫጩት። መቅረጫው የት ሄደ?

እንግዲህ የምትናገሩትን አስቀድማችሁ ጻፉትና ግሱ ሥር አስምሩ። ማን ነው ያደረገው? እነዚህን ካገኛችሁ አውጧቸው፦

«ስህተት ተፈጥሯል።» ማን ፈጠረው? «ተሳስቻለሁ» በሉ።

«ያስቀየምኩት ሰው ካለ ይቅርታ።» ሰውየው እንዳለ ታውቃላችሁ። «ካለ» የምትለዋ ቃል ጥፋቱን ወደ ተጎዳው ሰው ስሜት ታዞረዋለች። ያደረጋችሁትን በስሙ ጥሩት።

«ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት።» መብራት ጠፍቶ ከሆነ እሺ። ጄኔሬተሩ ናፍጣ ስላልተሞላ ከሆነ ከአቅም በላይ አይደለም።

«ሁላችንም እንሳሳታለን።» እውነት ነው። ግን «ሁላችንም» ሰው የሚሸሸግበት ግርግር ነው። ነህምያም በጸሎቱ «በድለናል» ብሏል፤ እሱ ግን ወዲያው «እኔና የአባቴ ቤት» ብሎ ራሱን ጠርቶ ገባበት።

«አጥፍቻለሁ፣ ግን…» ሳኦልን አንብቡ፤ 1ኛ ሳሙኤል 15። ንጉሡ የአማሌቃውያንን ከብት ሳይቀር እንዲያጠፋ ታዝዞ ነበር፤ ነቢዩ ሳሙኤል ሲመጣ ግን በጎቹ ይጮኻሉ። ሳኦል «እኔ በተላክሁበት መንገድ ሄጃለሁ፣ ከምርኮው የወሰደው ሕዝቡ ነው» የሚል መልስ ሰጠ። ትእዛዙን የፈጸመው እሱ፣ ምርኮውን የወሰዱት እነሱ። ኋላ «በድያለሁ» አለ፤ ቃሉ ከአፉ ሳይደርቅ «ሕዝቡን ስለ ፈራሁ» ጨመረ። ሲደግመው ደግሞ «በድያለሁ፤ ነገር ግን በሽማግሌዎች ፊት አክብረኝ» ሆነ። የተጨነቀው ስለ ወንበሩ ነበር።

አሁን ስለ እኛ ቤት አንድ ነገር ልበል፤ ቅር የሚለው ይኖራል። እኛ አማኞች ሌላው ሰው የሌለው ሁለት ማላከኪያ አለን። አንዱ «ሰይጣን ገብቶ ነው» ነው። ሌላው «የእግዚአብሔር ፈቃድ አልነበረም»። አዳራሹ ባመለጠን ሳምንት እሑድ እኔ ራሴ ማይክ ይዤ «ጠላት በር ቢዘጋብንም» ብያለሁ። ሁሉም አሜን አለ። ሰይጣን የቴሌብር ፒኔን አያውቅም።

በሰይጣን መኖር አምናለሁ። ለዚህም ነው የዳዊት ቆጠራ የሚገርመኝ። 1ኛ ዜና መዋዕል 21 ሲጀምር ሰይጣን ዳዊትን ሕዝቡን እንዲቆጥር እንዳነሣሣው በግልጽ ይናገራል። ምክንያት ከተፈለገ ከዚህ በላይ ምክንያት የለም። ቆጠራው ዘጠኝ ወር ከሃያ ቀን ፈጀ። የጦር አለቃው ኢዮአብ ከመጀመሪያው ተቃውሞ ነበር፤ የሰማው የለም። በቆጠራው የተነሣ መቅሠፍት መጥቶ 70,000 ሰው ሲሞት ዳዊት ስለ ሰይጣን አንድ ቃል አልተናገረም። የጦር አለቆቹንም አልጠራም። «ሕዝቡ እንዲቆጠር ያዘዝኩ እኔ አይደለሁምን? እነዚህ በጎች ምን አደረጉ?» ነው ያለው። ያዘዝኩ እኔ። ግሱም ባለቤቱም ቦታቸው ላይ ናቸው።

እርምጃ 4፦ መጀመሪያ ወደ ተጎዳው ሰው ሂዱ

ማቴዎስ 5፥23-24 መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ ይላል። ከጉባኤው በፊት፣ ከመድረኩ በፊት። በአካል ሂዱ። የድምፅ መልእክት ለሩቅ አገር ሰው ነው።

አማላጅ ይዛችሁ አትሂዱ። ሽምግልና ጥሩ ባህላችን ነው። ግን ጥፋቱ ግልጽ ሆኖ ሳለ ሦስት ትልልቅ ሰው አስከትሎ ታናሽ እህት ቤት መሄድ ይቅርታ መጠየቅ ሳይሆን ማስገደድ ነው። ጥቅስም አትጥቀሱላት። «ሰባ ጊዜ ሰባት ይቅር በይ» የሚለውን እሷም ታውቀዋለች።

እኔ ግቢ ውስጥ ያለው አግዳሚ ላይ አገኘኋት። «ክፍያውን የረሳሁት እኔ ነኝ። አንቺ ላይ አላከክኩ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። «ኧረ ምንም አይደለም ወንድሜ» አለች፤ ቶሎ። መሪ፣ ታላቅ፣ ደግሞ ወንድ ፊቷ ቆሞ ሲለማመጣት ሌላ ምን ትላለች? ይሉኝታ ነው። ስለዚህ «ምንም አይደለም» ስትባሉ እንዳለቀ አትቁጠሩት። ዝም ብላችሁ ትንሽ ቆዩ። እኔም ምን እንደምል ስላጣሁ ብቻ ዝም አልኩ። ተነሥታ ጥቂት ሄደች፣ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለችና «እናቴ ግን ሰምታለች» አለችኝ።

እርምጃ 5፦ ወሬው እስከደረሰበት ድረስ ሂዱ

ከእናትየዋ ነገር የተማርኩት ሕግ ይኼ ነው። ክሱ ሰባት ሰው ፊት ከተነገረ እርማቱም ሰባቱ ፊት ይነገራል። መድረክ ላይ ከተነገረ መድረክ ላይ። ግሩፕ ላይ ከተጻፈ እዚያው ግሩፕ ላይ። በአደባባይ ሰድቦ በጓዳ ይቅርታ መጠየቅ ሒሳብ አይዘጋም።

አጭር ይሁን። እኔ ኮሚቴው ፊት ያልኩት ይህን ያህል ነው፦

«ቀብዱን በሰዓቱ ያልከፈልኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ስብሰባ ጸሐፊያችን ልታስታውሰኝ ይገባት እንደነበር አስመስዬ ተናገርኩ፤ ያ ልክ አልነበረም። ሥራው የእኔ ነበር። እሑድም ጠላት በር ዘጋ ብያለሁ፤ በሩን ያዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ይህንንም በሚቀጥለው እሑድ አርማለሁ።»

በዚሁ ይብቃ። ምስክርነት አታድርጉት። እንባ ከመጣ ይምጣ፤ አትጥሩት። አዳራሹ «እንዴት ያለ ትሑት መሪ ነው» እያለ ማጨብጨብ ከጀመረ ንግግሩ ከተጎዳው ሰው ተነሥቶ ስለ እናንተ ሆኗል ማለት ነው። ቶሎ ተቀመጡ። የሌላውን ሰው ገመና የሚያወጣ ዝርዝርም በአደባባይ አይነገርም። የራሳችሁን ብቻ።

እናቷ ቤትም ሄጃለሁ። ቡና አፈሉልኝ። ከሦስቱ ስኒ እስከ ሁለተኛው ድረስ ምንም አላሉኝም።

እርምጃ 6፦ ከራሳችሁ ኪስ ክፈሉ

ዘኍልቍ 5፥7 የበደለ ሰው ይናዘዝ፣ የወሰደውን ይመልስ፣ አምስተኛ እጅም ይጨምርበት ይላል። 10,000 ብር ያጎደለ 12,000 ይመልሳል ማለት ነው። ዘኬዎስ ደግሞ አራት እጥፍ አለ። ዳዊት ያ መቅሠፍት እንዲቆም መሠዊያ ሊሠራ ሲሄድ የቦታው ባለቤት ኦርና አውድማውንም በሬዎቹንም በነጻ ሊሰጠው ፈለገ። ዳዊት እምቢ አለ፤ ዋጋ ያልከፈልኩበትን ለእግዚአብሔር አላቀርብም ብሎ በ50 ሰቅል ብር ገዛው።

በሰው ኪስ የሚከፍል መሪም አለ። ሮቤል ታናሽ ወንድሙን ብንያምን ወደ ግብፅ ይዞ ለመሄድ አባቱን ያዕቆብን «ብንያምን ባልመልስልህ ሁለቱን ልጆቼን ግደል» አለው። የልጆቹን ነፍስ አስያዘ። ያዕቆብ ብንያምን አልሰጠውም። ኋላ ይሁዳ መጣና «እኔ ዋስ እሆነዋለሁ፣ ከእጄ ፈልገው» አለ፤ ያዕቆብም ለቀቀው። «ጉድለቱን ኮሚቴው ይሸፍነዋል» ስትሉ ከሁለቱ የማንን እንደምትመስሉ እዩ።

ሁለተኛው አዳራሽ ከመጀመሪያው ይወደድ ነበር። ልዩነቱን ከደመወዜ በሦስት ወር ከፈልኩ። ጽድቅ አይደለም፤ ዕዳ ነው።

ስለ መልቀቅም ልበል። አንዳንዴ መልቀቅ ተገቢ ነው፤ በተለይ እምነት የተጣለበትን ነገር ሆን ብሎ ያጎደለ ሰው መነሣት አለበት። ግን «እንግዲያው እለቃለሁ!» ብሎ ሁሉም «ኧረ በእግዚአብሔር» እስኪል መጠበቅ ኩርፊያ ነው። የምትለቁ ከሆነ ደብዳቤ ጻፉ፣ ቁልፉን አስረክቡ፣ ሒሳቡን ዝጉና ሂዱ።

እርምጃ 7፦ አሠራሩን አስተካክሉ

ሐዋርያት ሥራ 6 ላይ ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ አይሁድ መበለቶቻችን በዕለት ዕለቱ እደላ ተረሱ ብለው አንጎራጎሩ። ሐዋርያቱ «ማጉረምረም ኃጢአት ነው» ብለው ሊሰብኩ ይችሉ ነበር። አልሰበኩም። ጉባኤውን ጠርተው ሰባት ሰው አስመረጡ። የሰባቱንም ስም ስታዩ ግሪክኛ ነው፤ ሥራው ለተጎዳው ወገን ሰዎች የተሰጠ ይመስላል።

የእኛ ማስተካከያ ከዚህ ያነሰ ነው። የኅብረቱ ብር በሁለት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ውስጥ ገባ። ክፍያ ከቀነ ገደቡ ሦስት ቀን ቀድሞ ይፈጸማል። ደረሰኙ በዚያው ቀን ግሩፕ ላይ ይለጠፋል።

የማትወስዱት ጥፋት

ኃላፊነት መውሰድ የሁሉን ሰው ሸክም መሸከም አይደለም። በይሉኝታ የሌላውን ጥፋት የራስ ማድረግ ሰውየውን ንስሐ መከልከል ነው። አሁን ያ መሳቢያ ውስጥ ያለው ወረቀት ይውጣ። ከሚመለከተው ሰው ጋር፣ ብቻችሁን፣ በእርጋታ ተነጋገሩ። የእናንተን ስለተናገራችሁ የእሱን መናገር አሁን ቀላል ነው።

ገንዘብ የሰረቀ፣ ልጅ የነካ፣ ሴት ያስገደደ ሰው ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። «እኔ መሪ ነኝ፣ እኔን ውቀሱ» ብሎ ወንጀለኛን ከኋላ መደበቅ ኃላፊነት አይደለም፤ መሸፈን ነው። ጉዳዩ ወደ ሕግ ይሂድ። የመሪው ድርሻ «እያወቅኩ ዝም ያልኩት ይህን ያህል ነው» ብሎ ለመርማሪም ለጉባኤም መናገር ነው።

ልጅቷ በቀጣዩ ዓመት የኅብረቱ ሒሳብ ያዥ ሆና ተመረጠች። አንድ እሑድ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደወለችልኝ። «የዛሬው መዋጮ 800 ብር ጎድሏል። ብቻዬን የቆጠርኩት እኔ ነኝ፣ ሰው መጥራት ነበረብኝ» አለችኝ። ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም ነበር።

«ፖስታውን እንዳለ አስቀምጪው» አልኳት፣ «ነገ አብረን እንቆጥረዋለን።»